ዝገት የበላው የመጫወቻ ሰሌዳ፤ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

በቤት ውስጥ ዕቃ ሲበላሽ አባት «ጣሉት» ይላል፥ ልጅ ያለቅሳል፥ እናት ግን በጨርቅ ጠቅልላ በሣጥን ታኖረዋለች። ሦስቱም ዕቃው ተከፍቶ ሳይመረመር የሰጡት ፍርድ ነውና እኛ አንቀበለውም። ይህን ያስነሣን ከደብረ ብርሃን አንድ የቤተሰብ አባት የላኩልን ጥያቄ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩት እኅታቸው ለልጃቸው የላኩት ጌም ቦይ የሚባለው በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ፥ የባትሪው ድንጋይ ሳይወጣለት ሁለት ክረምት ተቀምጦ ኖሮ፥ ሲከፈት ነጭና አረንጓዴ ዝገት ሰሌዳውን ወርሶት ተገኘ። ልጁም ብዙ ወራት የደከመበት ጨዋታ አብሮ የጠፋ መስሎት እጅግ አዝኗል።

አስቀድመን ልጁን እናጽናና። የደረሰበት ደረጃ የሚጠበቀው በዋናው ሰሌዳ ላይ ሳይሆን በሚሰካው ካሴት ውስጥ ነው፤ ብዙዎቹም ካሴቶች የሚጠብቁት ሳንቲም በምታህል ትንሽ ባትሪ ኀይል ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ቢለወጥም ጨዋታው አይጠፋም። ካሴቱን ፈትቶ ያችን ባትሪ የሚነቅል ሰው ግን ያጠፋዋልና እጃቸውን ከዚያ ይሰብስቡ።

ዝገቱ እንደ ማረሻ ዝገት ከውሃ ብቻ የመጣ አይደለም። አልካላይን የሚባለው የባትሪ ድንጋይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚሉት ኀይለኛ ቅመም በውስጡ አለው፤ ድንጋዩ ሲያረጅ ይህ ቅመም ያፈስሳል፥ ከአየርም ጋራ ሲገናኝ ነጭ ቅርፊት ይሆናል። መዳብ ሲነካ ደግሞ አረንጓዴ ያወጣል። የአገራችን አየርም ያግዘዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በውርጭ ያደረ ዕቃ ድስት ወደሚፈላበት ክፍል ሲገባ ላብ ያወጣል። በአንኮበርም ከቈላው ሽቅብ የሚወጣው ጉም በየቤቱ ይገባል። እርጥበቱ ደርቆ የነበረውን ቅመም እንደ ገና ያነቃዋል።

እንግዲህ የሚመረመረው የዝገቱ ብዛት ሳይሆን የደረሰበት ስፍራ ነው። ዓይን የሚያስፈራው ነጭ ክምር ብዙ ጊዜ ድንጋዩ በሚቀመጥበት ሽቦ ላይ ብቻ ይሆናል፤ ይህ ቀላል ነው። ዐይን የማያየው ጥቂት አረንጓዴ ግን በቀጭኑ የመዳብ መሥመር ላይ ሾልኮ ሰሌዳውን ሊገድለው ይችላል።

ምርመራው ከማጽዳት በኋላ ይሁን። ድንጋዩ ይውጣ፤ ጓንት ይደረግ፥ ቅመሙ ቆዳንና ዐይንን ያቃጥላልና ሕፃናት አይቅረቡ። ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ጥቂት አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ነክሮ ቅርፊቱን መዳበስ ነው፤ አረፋ ካወጣ ቅመሙ እየበረደ መሆኑን ያስረዳል። ቀጥሎ አሲዱ ራሱ እንዳይጎዳው በተጣራ ውሃ፥ ከዚያም ከመቶ 90 እጅ በላይ ንጹሕ በሆነ አልኮል ይጠረጋል። አንዳንድ ሰው አረቄ ያፈስስበታል አሉ፤ አረቄ ውሃ ስለ አለበት ለዚህ ሥራ አይበቃም፥ ለሌላ ጉዳይ ይቆይ። በከሰል ምድጃ ላይ ማድረቅም መስተዋቱን ያበላሻልና በጥላ ይደር።

ሲደርቅ ጠጋኙ በቴስተር እያንዳንዱን መሥመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካል። መሥመር ተቆርጦ ቢገኝ እንኳ ሰሌዳው ሞተ አይባልም። የቤተ ክህነት ሰዎች እንደሚያውቁት ብራና ሲፋቅ ቢቀደድ ይሰፋል እንጂ ቆዳው አይጣልም፥ ጸሐፊውም ቀዳዳውን እየዘለለ ይጽፋል። እንዲሁ ሁሉ የተበላውን መሥመር በቀጭን ሽቦ ከወዲህ ወዲያ በይዶ መንገዱን ማስቀጠል ይቻላል። ነገር ግን ዝገቱ ከዋናው ቺፕ እግሮች ሥር ገብቶ እግሮቹን ከበላቸው፥ ወይም መዳቡን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ቀዳዳዎች ብዙዎቹ ከጠፉ፥ ጥገናው ድካም ብቻ ይሆናል። በአንኮበር ኮረብታ ላይ ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የቀረው ጥቂት ፍርስራሽ ስለ ሆነ ዛሬ የሚታየው የቀድሞውን መልክ ይዞ እንደ አዲስ የተሠራ ቤት ነው፤ ሰሌዳም እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

«እንግዲያስ ከመጀመሪያው አዲስ ይገዛ» የሚሉ አይጠፉም። ጌም ቦይን የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ1981 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን በ1989) አወጣው፤ ባለ ቀለሙን ታናሹን ጨምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ዛሬ ግን ፋብሪካው አይሠራውም። ስለዚህ ለመለወጫ የሚገኘው ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አሮጌ መሣሪያ የተነቀለ፥ ምናልባትም ያው ድንጋይ ያፈሰሰበት ነው። ዝገትን ሸጦ ዝገት መግዛት እንዳይሆን፥ ከመክፈል በፊት የሁለቱንም ገጽ ፎቶግራፍ መጠየቅ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ የተረከበውን ዕቃ ፈጥኖ እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ዕቃውን ሳይከፍቱ ወር አስቀምጠው የሚከሱ ሰዎች ይህን ይዘነጉታል።

ጠያቂያችን በላኩልን ሥዕል እንደምናየው ዝገቱ በሽቦውና በማብሪያው አጠገብ ባሉት ሁለት መሥመሮች ላይ ነው፤ ቺፑ ንጹሕ ነው። ይጠገን እንላለን። ጥሩ የሞባይል ጠጋኝ በከተማቸው ካገኙ ሰሌዳውን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው እስከ አዲስ አበባ መውሰድ አያስፈልጋቸውም፤ የሚጠየቀው ዋጋ ግን ከሌላ ሙሉ መሣሪያ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ይተዉት። ልጁም ካሴቱን ይዞ ይሂድና በጠጋኙ ፊት ሰክቶ ይሞክረው፤ ወደ ቤት ሲመለሱ አራቱን ድንጋዮች አውጥተው ለብቻቸው ያኑሯቸው።