የቤተ መጻሕፍት ባለሞያና ዲግሪው

«ልጃችን መጽሐፍ ስለምትወድ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ብትይዝስ?» የሚሉ ወላጆች በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ አይጠፉም። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀጣሪው ከፍቅሯ አስቀድሞ ዲግሪዋን ይጠይቃል። ዛሬ የምንነጋገረውም የትኛውን ዲግሪ እንደሚጠይቅ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በኬንያ ይህን ሞያ ለመማር የፈለገ ሰው ቀድሞ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ከ1963 ወዲህ ደግሞ በካምፓላ በማኬሬሬ ወደ ተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የቤተ መጻሕፍት ሞያ ትምህርት ቤት መሄድ ነበረበት። በኤልዶሬት የሚገኘው ሞይ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ሳይንስ ፋኩልቲውን በ1988 ከከፈተ በኋላ ግን የተማረው ሰው በዛ፤ ሰው ሲበዛም በሩ ጠበበ። ዛሬ የኬንያ ዩኒቨርሲቲዎች ለቤተ መጻሕፍታቸው የበላይ ኀላፊ በሚያወጡት ማስታወቂያ ዶክትሬት መጠየቃቸው የተለመደ ሆኗል። በአሜሪካ ግን የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1975 ባወጣው መግለጫ የሞያው የመጨረሻ ዲግሪ ማስተርስ ነው ብሏል።

የናይሮቢው ጥያቄ ምክንያት የለውም አንልም። የበላይ ኀላፊው በጀት ለማስፈቀድ ከፕሮፌሰሮች ጋራ ይከራከራል፤ «ዶክተር» ያልተባለ ሰው በእንዲህ ያለ ጉባኤ ቃሉ ይቀልበታል። የማዕርግ ፍቅር የኬንያውያን ብቻ እንዳልሆነ አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

ይሁን እንጂ ተማሪው የሚገናኘው ከበላይ ኀላፊው ጋራ ሳይሆን ከጠረጴዛው ኋላ ከተቀመጠው ባለሞያ ጋራ ነው። አንዲት የሕክምና ተማሪ ስለ ወባ የተጻፉ ጥናቶችን ፈልጋ ብትመጣ፣ መመዝገብና መደርደር ብቻ የተማረው ሰው መደርደሪያውን ያሳያታል። አስቀድሞ ባዮሎጂ ተምሮ በኋላ በቤተ መጻሕፍት ሞያ ማስተርስ የያዘው ግን የትኛው ጥናት እንደሚበጃት አብሯት ይመርጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ1990 የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤትን ሲከፍት ትምህርቱን የጀመረው በማስተርስ ደረጃ ነበር። በእኛ አስተያየት ለጠረጴዛው ሥራ ሁለቱን ዕውቀቶች ያጣመረ ሰው ከባለ ዶክትሬቱ ይልቅ ይጠቅማል።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። በዲፕሎማ ተቀጥሮ ሃያ ዓመት ያገለገለ፣ የመጽሐፉን ርእስ የረሳ ተማሪ የሽፋኑን ቀለም ብቻ ቢነግረው አውጥቶ የሚሰጥ ሠራተኛ፣ ትናንት በተመረቀ ወጣት ሥር ሲውል ይታያል። ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ቤት ባለቤት ነውና፣ ማታ ማታ አስተምሮ ዲግሪውን ቢያስይዘው ምን ይጐዳዋል?

ስለዚህ ልጅቱ በመጀመሪያ የምትወደውን ትምህርት፣ ሕግም ሆነ ኬሚስትሪ፣ ትማር፤ የቤተ መጻሕፍቱን ሞያ በማስተርስ ትያዝ። በናይሮቢ ለመቀጠር የምታስብም ከሆነ፣ ከውጭ አገር የያዘችው ዲግሪ በኬንያ ያለው አቻነት እንዲረጋገጥላት ማመልከቻዋን ከማስታወቂያው ቀን አስቀድማ ታስገባ።