ዲላን ማን ይጻፋት?

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ በተመዘገበ ጊዜ፣ እንሰትንና ቡናን ከዛፍ ጥላ ሥር አስማምቶ የሚያኖረው ገበሬ ተገቢ ክብሩን አግኝቷል። ነገር ግን ቡናውን የምትሸጥለት፣ ቆጮውን የምትገዛው፣ ልጁንም የምታስተምርለት ዲላ ከተማ አብዛኛው ኑሮዋ ያለው በሰው አፍ እንጂ በወረቀት ላይ አይደለም። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ይህን ሥራ ሊጀምር የሚገባው የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። «ገና ያልተመረቀ ልጅ ምን ያውቃል?» የሚል ቢኖር፣ ያለፈውን ያስታውስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የሕዝቡን ልማድ የሚያጠና ማኅበር ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮም መጽሔቱን ያሳትሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው 8ኛ ቁጥር አስፋው ዳምጤ ስለ ዕቁብ የጻፉትን ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። ዕቁብ ለከተማው ሰው የዘወትር ነገር ነበር፤ የተጻፈው ግን ጠያቂ ሲያገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ታምሩ ፈይሳ በድኻው አንደበት የጻፈው ግጥም በኮሌጁ ቀን ተነቦ ብዙ አነጋግሯል።

ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፍ ማርክ ከተሰጠው በኋላ መደርደሪያ ላይ የሚቀር ከሆነ፣ ድካሙ ሁሉ ለአንድ መምህር ብቻ ሆነ ማለት ነው። በዲላ ግን የሚጠየቅ ሞልቷል። የሞያሌ መንገድ ከተማዋን እንዴት አሳደጋት? በቡና ለቀማ ወራት የቤት ኪራይ ምን ይሆናል? ቡላና ቆጮ የሚሸጡት እናቶች ከየት ይመጣሉ? ጌዴኡፋና አማርኛ በአንድ ገበያ እንዴት ይገናኛሉ? ጥናቱ ቁጥሩን ሲያሳይ፣ ግጥሙና አጭር ልብ ወለዱ የሰውን ልብ ያሳያሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ መጽሔት ጎን ለጎን ቢወጡ መልካም ነው።

ነገሩ የተማሪ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንተ በማዘጋጃ ቤት የተቀመጥህ ወጣት ሹም፣ መንገድ ስታሰፋ ወይም ገበያ ስታዛውር፣ በዚያ ሥፍራ ማን ምን ሸጦ እንደሚያድር ካላወቅህ፣ ፕላንህ በካርታው ላይ ያምርና በሰው ኑሮ ላይ ይከብዳል። የሚነግርህ ጽሑፍ ሲወጣ ገዝተህ አንብበው፤ ቢነቅፍህም አትቆጣ።

መምህራንም ያርሙ እንጂ በተማሪው ፈንታ አይጻፉ። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ያያችሁትን ከሰማችሁት ለይታችሁ ጻፉ። መጽሔቱ በጥቂት ገጽ ቢጀመር አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው የዓለም ቅርስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ ለሚመጣው ትውልድ ስለ ከተማው አንድ መስመር ሳይተዉ መመረቅ ነው።