በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ሰርቨርና የነጋዴው ጥንቃቄ

በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ዘወትር የሚታይ አንድ ነገር አለ። ባለጉዳዩ ሰነዱን በእጅ ስልኩ ይዞ ይመጣል፤ ጸሐፊዋ በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣለች፤ የሁለቱ ርቀት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ ሰነዱ በቴሌግራም የተላከ እንደሆነ ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ደርሶ ይመለሳል። መስመር ሲጠፋ ግን ሥራው ይቆማል።

የመስመር መቋረጥ ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ/ም ጀምሮ ሦስት ሳምንት ለሚያህል ጊዜ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይዘነጋውም። የዋጋ ዝርዝሩንና የዕቃ መዝገቡን በሩቅ ሰርቨር ብቻ ያኖረ ነጋዴ፣ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ በገዛ ሱቁ ውስጥ ምን እንዳለው እንኳ ለማወቅ ይቸገራል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን ዘዴ አለ። ይኸውም አነስተኛ ሰርቨር በስልኩ መተግበሪያ ውስጥ ማኖር ነው። ሰርቨር ማለት ጠያቂ ሲመጣ የተጠየቀውን ገጽ የሚያቀርብ አስተናጋጅ እንጂ የግድ ትልቅ መኪና ማለት አይደለም። የኖኪያ ኩባንያ ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ/ም ገደማ ይህንኑ በእጅ ስልክ ላይ ሠርተው አሳይተዋል። ወጣቶቻችን ፊልምና ሙዚቃ የሚቀባበሉበት ዜንደርም፣ ከኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ስልኩ የቁጥር አድራሻ ይሰጣል፣ ያ አድራሻ በኮምፒዩተሩ ብሮውዘር ላይ ሲጻፍ ፋይሉ ይታያል።

ባለሱቁ መዝገቡን በአንድ ስልክ ቢይዝ፣ በመጋዘን ያለው ሠራተኛና በገንዘብ መቀበያው ያለችው ሠራተኛ በሱቁ ዋይፋይ ወይም በስልኩ ሆትስፖት ተገናኝተው ያንኑ መዝገብ ያያሉ። መረጃው ከሱቁ ስለማይወጣ የኢንተርኔት ሂሳብ አይቆጠርበትም፤ የውጪው መስመር ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም።

ነገር ግን ሰርቨር በር ነው፤ በር ደግሞ ቁልፍ ያስፈልገዋል። በጥር 2011 ዓ/ም ኢ.ኤስ. ፋይል ኤክስፕሎረር የተባለው፣ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የተጫነ መተግበሪያ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ 59777 በተባለ በር ሰርቨር ይከፍት እንደነበር ተገለጸ። በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ከስልኩ ፎቶግራፍና ሰነድ ሊወስድ ይችል ነበር። ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ ቢታረምም ትምህርቱ ግን አላረጀም። ለደንበኞቹ ዋይፋዩን በነፃ የሚያካፍል ባለሱቅ፣ የዱቤ መዝገቡን በዚያው መስመር ላይ ሳይቆልፍ ቢያኖር ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የደንበኞች ስምና ዕዳ የተጻፈበት መዝገብ በ2016 ዓ/ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሚመለከተው ጉዳይ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ዘዴው ሁሉን ይፈውሳል ማለትም አይደለም። የቴሌብርና የባንክ ክፍያ ከሱቁ ውጪ ያለውን መስመር ይፈልጋል። ስልኩም ባትሪ ለመቆጠብ ሲል መተግበሪያውን ሊያስተኛው ስለሚችል፣ ለዚሁ ሥራ የተለየና ከኤሌክትሪክ የማይነቀል ስልክ ቢመደብ ይመረጣል። ስልክ የሚሰበርና የሚሰረቅ ዕቃ ነውና የመዝገቡ ቅጂ በየምሽቱ በሌላ ቦታ ሊቀመጥ ይገባል።

እንግዲህ ለሱቁ መተግበሪያ የሚያሠራ ወይም ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ስለ ዋጋው ከመነጋገሩ በፊት አራት ጥያቄዎች ማቅረብ አለበት። መስመር ሲቋረጥ ይሠራል ወይ? የሚከፍተው በር የይለፍ ቃል አለው ወይ? በሩ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ባለቤቱ ያያል ወይ? ቅጂውስ የት ይቀመጣል? ሻጩ ለእነዚህ ግልጽ መልስ መስጠት ካልቻለ ዕቃው ገና ለገበያ አልደረሰም ማለት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደተባለ፣ ማታ የሱቁን በር ሳይቆልፍ የማይሄድ ነጋዴ በኪሱ የያዘውንም በር መቆለፍን ሊለምድ ይገባዋል።