ባሕር ዛፉን ከመራገማችን በፊት

በየሻይ ቤቱ አንድ ፍርድ ሰልችቶናል፦ «ገበሬው ገንዘብ አየና ማሳውን ባሕር ዛፍ አለበሰው!» ፍርዱ ቀላል ነው፤ ፈራጁ ዶማ ጨብጦ አያውቅማ። ለመሆኑ ሰው ልጆቹን የሚያበላበትን መሬት በዋዛ ለእንጨት ይሰጣል እንዴ?

እስቲ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ሺሺንዳ ላይ እንውረድ። በዚያ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። «ጸጋ ነው!» እንላለን። ነው፤ ግን ዘመን ከዘመን የሚወርድ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል። የሚቀረው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ አሉሚኒየሙ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፣ ፎስፈረሱንም አፈሩ ራሱ ቆልፎ ይይዘዋል። በብድር የተገዛ ማዳበሪያ ተበትኖ ባቄላው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በተዳፋቱ ላይ ደግሞ የተረፈውን አፈር ጎርፍ ይዞት ይወርዳል።

የአውሬውስ ጣጣ? ጫካ አጠገብ በቆሎ የዘራ ሰው ቀን ከዝንጀሮ፣ ሌት ከከርከሮ ጋር ሲታገል ይከርማል። ልጁ ትምህርት ቤት በሚውልበት ሰዓት ማማ ላይ ይውላል። በ2002 ዓ.ም. የካፋ ደን በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘገብ አገር አጨበጨበ፤ ይገባዋልም። ነገር ግን የዚያ ደን አውሬ እራቱን የሚበላው ከማን ማሳ ነው? እንሰቱም ቢሆን አጠውልግ ከገባበት የዓመታት ልፋት በወራት ይበሰብሳል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ባሕር ዛፍ ግን አሲድ አይፈራም፣ ዝንጀሮ አይበላውም፣ ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል። እንግዲህ ገበሬው አሰላ እንጂ አልተስገበገበም።

«እንግዲያውስ ጥፋቱ የተፈጥሮ ነው» ብሎ እጁን የሚታጠብም አለ። ይኸኛው ከፊተኛው ይብሳል! የአሲዳማ አፈር መድኃኒቱ ኖራ እንደሆነ የታወቀ ነው። ለአንድ ሄክታር ከ20 ኩንታል በላይ ሊፈልግ ስለሚችል ግን ያለ መኪናና ያለ መንገድ ማሳ አይደርስም። መኪናውን ያስቀረው ዝናቡ ነው?

ነገሩ የሺሺንዳ ብቻም አይደለም፤ ከአገሪቱ የእርሻ መሬት 40 ከመቶ ገደማው በአሲድ የተጠቃ ነው። በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ገበሬ ለዚሁ ችግር ዲከረንስ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ለከሰል ይቆርጠውና ማሳውን መልሶ ያርሳል። ባሕር ዛፍ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ጉቶው ይቀራል፣ የጎረቤትን ሰብል ውኃና ብርሃን ይሻማል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ጻድቅ ነው አላልኩም። ተከሳሹ ተሳስቷል ነው የምለው።

ኖራው ከዘር በፊት ይድረስ፤ አውሬ ለበላው በቆሎ ካሣ ይታሰብ። ያኔም ገበሬው ባሕር ዛፍ ከተከለ እንከራከራለን። እስከዚያው ግን የካፌ ዳቦ እየገመጥን በሰው ማሳ ላይ አንፍረድ!