የሩዝ ጥብስ በልኩ

የሩዝ ጥብስ ቀድሞ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ሩዝ በጋለ መጥበሻ ላይ ከእንቁላል፣ ከአትክልትና ከሥጋ ጋር እየታሸ የሚሠራ ምግብ ነው። የቻይናውያን የቤት ምግብ ሲሆን፣ በጂያንግሱ ግዛት በምትገኘው በያንግዦው ከተማ ስም የሚጠራው ዓይነት በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ቁም ነገሩም ቁጠባ ነው፤ ከትናንት የተረፈው ሩዝ እንዳይባክን ጓዳ ውስጥ በተገኘው ሁሉ ይሠራል። በኢትዮጵያ ቤቶች የተለመደው ሩዝ በአትክልት አሠራሩ ለየት ይላል፤ መጀመሪያ ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፣ ከዚያም ሩዙ በዚያው ድስት ይበስላል። ሁለቱም የሚያወፍሩበት ምክንያት ግን አንድ ነው። ዘይቱ ሳይሰፈር ይገባል፣ ሩዙ ይበዛል፣ አትክልቱ ለጌጥ ያህል ጣል ይደረጋል። ክብደቱን የሚቆጣጠር ሰው ምግቡን መተው አያስፈልገውም፤ እነዚህን ሦስቱን ማስተካከል ይበቃዋል።

ከሦስቱ ቀዳሚው ዘይት ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲኖረው፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን ያለው 4 ካሎሪ ብቻ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይይዛል፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ነጭ ሩዝ ደግሞ ወደ 205 ካሎሪ። ዘይት ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት ሲንቆረቆር ስንት ማንኪያ እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ በማንኪያ መስፈር ያስፈልጋል፤ ለአራት ሰው 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። የሱፍም ሆነ የወይራ ዘይት በካሎሪ አይለያዩም። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ለልብ ጤና የማይመከረው ጠጣር ስብ ስለሆነ ፈሳሹ ይመረጣል። ዘይት ሲያንስ ምግቡ እንዳይዝ ሽንኩርቱን ለዶሮ ወጥ እንደሚደረገው መጀመሪያ በደረቁ ማቁላላት፣ ሲይዝም ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ይቻላል። ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሩዙ ነው። ለጥብስ የሚስማማው ከቀን በፊት ተቀቅሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ሩዝ ነው፤ ፍሬው ደረቅ ስለሚል አይጣበቅም፣ ብዙ ዘይትም አይጠይቅም። ሩዝ በስሎ ሲቀዘቅዝ ከስታርቹ ጥቂቱ በትንሹ አንጀት ወደማይፈጭ ዓይነት ይለወጣል። ለውጡ ግን ትንሽ ስለሆነ አብዝቶ ለመብላት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ቡናማ ሩዝም በካሎሪ ከነጩ ብዙ አይርቅም። ብልጫው ፍሬውን የሚሸፍነው ልባስ ስላልተገፈፈ በአሰር የበለጸገ መሆኑ ነው፤ አሰር ደግሞ ጥጋብን ያቆያል። በጣም መቀነስ የሚፈልግ ሰው የሩዙን ግማሽ በደቃቁ በተከተፈ አበባ ጎመን መተካት ይችላል፤ 100 ግራም አበባ ጎመን ያለው ካሎሪ ወደ 25 ሲሆን፣ ያንኑ ያህል የበሰለ ነጭ ሩዝ ያለው ወደ 130 ነው።

ሦስተኛው አትክልቱ ነው። ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቃሪያና ዝኩኒ ከሩዙ ሲበልጡ ሳህኑ እንደሞላ ይቆያል፣ ካሎሪው ግን ይወርዳል። አትክልቱ በደቃቁ ተከትፎ በኃይለኛ እሳት ለአጭር ጊዜ መታሸት አለበት። እሳቱ ከደከመ ወይም መጥበሻው ከተጨናነቀ ውሃ ያወጣና ሩዙን ያላቁጠዋል። ቀድመው የሚገቡት ካሮትና ፎሶሊያ ናቸው፤ ጎመኑና ቃሪያው ይከተላሉ፣ ሩዙ ከሁሉ በኋላ ይገባል።

ጥጋብ እንዲቆይ ፕሮቲንም ያስፈልጋል። አንድ እንቁላል ወደ 70 ካሎሪና 6 ግራም ፕሮቲን አለው። ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ፈረሰኛም ብዙ ስብ ሳይጨምር ፕሮቲን ይሰጣል። በጾም ወቅት የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ድፍን ምስር ቦታቸውን ይተካል፤ ሁለቱም ከፕሮቲን ሌላ አሰር ስላላቸው ለዚህ ምግብ በተለይ ይስማማሉ።

ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ለአራት ሰው 4 ኩባያ የበሰለ ነጭ ሩዝ፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 እንቁላልና እፍኝ አትክልት ቢገባ ለአንድ ሰው 430 ያህል ካሎሪ ይደርሳል። ሩዙ ወደ 2 ኩባያ፣ ዘይቱ ወደ 2 ማንኪያ ወርዶ እንቁላሉ 4፣ ካሮቱ፣ ጎመኑና ፎሶሊያው በአንድነት 600 ግራም ቢሆኑ ግን 280 ያህል ይሆናል። በአንድ ሰው 150 ካሎሪ ሲቀንስ ፕሮቲኑም አሰሩም ይጨምራል።

ጨው ካሎሪ ባይኖረውም ሊታለፍ አይገባም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ ወደ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ግን በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ነው። የታሸጉ ማጣፈጫዎችም በአብዛኛው ጨው ይበዛባቸዋል። ሶይ ሶስ ከገባ ሌላ ጨው መጨመር አያስፈልግም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያና መጨረሻ ላይ የሚጨመቅ ሎሚ የጨውን ጉድለት ይሸፍናሉ።

ያደረ ሩዝ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ በመቀቀል አይሞትም፤ ሩዙ በክፍል ሙቀት ሲቆይ ይራባና የሚያስታውክ መርዝ ያመነጫል፣ ይህም መርዝ ምግቡን እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ የበሰለው ሩዝ በሰፊ ሳህን ተዘርግቶ በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ማድረግ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ማስገባትና በማግስቱ መጠቀም ይገባል። ሌሊቱን ድስት ውስጥ ያደረ ሩዝ መጣል አለበት።

የመጨረሻው ጉዳይ አቀራረቡ ነው። በብዙ ቤቶች ሩዝ ከዳቦ ወይም ከእንጀራ ጋር ይበላል፤ ይህ ካርቦሃይድሬትን በካርቦሃይድሬት ላይ መደረብ ስለሆነ በድስቱ የተገኘውን ቅነሳ በማዕዱ ይመልሰዋል። ከጎኑ መቅረብ ያለበት ሰላጣ ነው፤ ምግቡም ከትሪ ላይ ከመዛቅ ይልቅ ለየሰው በሳህን ቢቀርብ መጠኑ ይታወቃል። ክብደት ለመቀነስ ሲባል የሚወዱትን ምግብ እርም ማለት ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። የሚዘልቀው ዘይቱን በማንኪያ ሰፍሮ፣ ሩዙን በግማሽ ቀንሶና አትክልቱን አብዝቶ መብላት ነው።