ካርታው ከታተመ በኋላ ምን ውይይት አለ?

በቅርቡ ስለ አውቶቡስ መሥመር ለውጥ አሳባቸውን እንዲሰጡ ነዋሪዎች ወደ አንድ አዳራሽ ተጠርተው ነበር። እኛም ከስድስት ኪሎ ወርደን ተገኘን። ካርታው ግን በቀለም ታትሞ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ጠበቀን። ታዲያ አሳብ የሚጠየቀው ስለ ምኑ ነው?

አንዲት ጎመን ነጋዴ እናት ተነሥተው፣ «አውቶቡሱ ከሚያወርደኝ እስከ ገበያው ሸክሜን ማን ይይዝልኛል?» አሉ። ከመድረኩ የተሰጣቸው መልስ «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» የሚል ነው። (መዝጋቢው ብዕሩን ሲያነሣ አላየንም።)

ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንዱ መሥመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ ተዘርግቶ ነበር። ትልቅ ሥራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሐዲዱ በምድር ላይ በሚያልፍበት ሥፍራ አጥር ስላለው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለ ጎረቤቱን ለመጠየቅ መሻገሪያ ፍለጋ የሚኳትነው ሰው ብዙ ነው። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ መሻገሪያ መጨመር ውድ ነው፤ የአውቶቡስ ፌርማታ ግን ምሰሶና ሰሌዳ ስለ ሆነ ዛሬውኑ ሊዛወር ይችላል።

እኛም ተማሪዎቹ ከወቀሳ አናመልጥም። በዚያ አዳራሽ ስለ ከተማ ፕላን ረጅም ንግግር ያደረገው ከእኛው አንዱ ነው፤ የእኒያን እናት ጥያቄ ግን ማንኛችንም ተነሥተን አልደገፍንም።

ባለሥልጣኖቹን የምንጠይቀው፣ ረቂቁ ገና በእርሳስ ሳለ በየፌርማታው እንዲለጠፍ፣ እነርሱም አንድ ቀን ጠዋት በአንድ ሰዓት ከተሳፋሪው ጋር ቆመው እንዲሄዱ ነው። ሌላ ስብሰባ ሲጠራ እኛ የምንነሣው የሸክሙን ጥያቄ ይዘን ነው።