የሕዝብ መንገድ በሕዝብ ልክ ይሁን

አንድን የተፈጥሮ ሀብት የሕዝብ ነው ብሎ በሕግ መደንገግ አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብ በእኩልነት እንዲጠቀምበት ማድረግ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ከሚያሳዩት ምሳሌዎች አንዱ በዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ ፓርኮች የሚነሣው የመንገድ ጥያቄ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1872 የሎውስቶንን የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርኳ አድርጋ ስትከልል፣ ቦታው ለሕዝብ መጠቀሚያና መደሰቻ እንዲሆን ደንግጋ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ ሕዝብ መካከል እያንዳንዱ ሰው ምን ያህል ቦታ መያዝ ይገባዋል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ጉዳዩን በተጨባጭ ለመመልከት በዩታ ግዛት የሚገኘውን ዛየን፣ በእኛ አነጋገር ጽዮን የተባለውን ብሔራዊ ፓርክ እንውሰድ። ቨርጂን የተባለው ወንዝ ቋጥኙን ለረጅም ዘመናት እየቆረጠ ያበጀው ጠባብ ሸለቆ በዓለም የታወቀ ነው። ከምሥራቅ በኩል ወደዚህ ሸለቆ የሚያደርሰው መንገድ በተራራው ሆድ ውስጥ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘልቅ ዋሻ ያልፋል። ዋሻው ከ1927 እስከ 1930 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የታሰበው ለዚያ ዘመን አነስተኛ መኪናዎች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተሽከርካሪው አደገ እንጂ ዋሻው አልሰፋም። መኝታውን፣ ማብሰያውንና መታጠቢያውን ይዞ የሚጓዘው፣ ቤትም መኪናም የሆነው ትልቁ ሞተርሆም ወርዱ 2.6 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ርዝመቱም ከከተማ አውቶቡስ የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የተደረገ ጥናት እንዳረጋገጠው እንዲህ ያሉት ተሽከርካሪዎች በዋሻው ውስጥ ያሉትን ጥምዝምዞች የመካከለኛውን መስመር ሳያልፉ ሊዞሩ አይችሉም። በመሆኑም አንድ ሞተርሆም እንዲያልፍ ከወዲያኛው አቅጣጫ የሚመጣው ሁሉ እንዲቆም ማድረግ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት ቆየ። ባለመኪናው ለዚህ 15 ዶላር ይከፍል ነበር። ክፍያው የጠባቂዎቹን ድካም ይሸፍን ይሆናል፤ በዋሻው አፍ ተሰልፎ የሚጠብቀውን ሰው ጊዜ ግን ማንም አልመለሰለትም።

ፓርኩ ይህን አሠራር ለማስቀረት ከ2026 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ወርዳቸው ከ2.39 ሜትር፣ ቁመታቸው ከ3.45 ሜትር ወይም ርዝመታቸው ከ10.9 ሜትር የሚበልጥ ተሽከርካሪዎች በዋሻው እንዳያልፉና በሌላ መንገድ ዞረው እንዲሄዱ መወሰኑን አስታውቋል። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ነፃነትን የሚገፍ ነው የሚሉ ወገኖች አይጠፉም። ግብር ከፍለን የተሠራ መንገድ ስለምን ይዘጋብናል ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። መንገዱ በሁሉም ግብር የተሠራ ከሆነ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ሁሉ እንዲቆም የሚያደርግ መብት ለማንም ሊሰጥ አይችልም። እግርን በፍራሽ ልክ መዘርጋት እንደሚባለው ሁሉ፣ ተሽከርካሪም በመንገዱ ልክ ሊሆን ይገባል።

ይህን ስንል ግን በሞተርሆም የሚጓዘውን ሁሉ የቅንጦት ወዳጅ ነው ብለን መፈረጃችን አይደለም። ዕድሜ ልኩን ሠርቶ በጡረታው ዘመን አገሩን ለማየት የተነሣ ሠራተኛ አለ። የሆቴል ዋጋ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ልጆቹን በመኪናው ውስጥ የሚያሳድር ቤተሰብም አለ። ትችታችን የሚያርፈው በተጓዡ ላይ ሳይሆን፣ የመጣውን ሁሉ እንደ ተሽከርካሪው ግዝፈት ለማስተናገድ በሚሞክር አሠራር ላይ ነው። ክልከላ ብቻውንም ፍትሕ አይሆንም፤ ለተከለከለው ሰው ሌላ በር ሊከፈትለት ያስፈልጋል።

ይኸው ፓርክ በሸለቆው ውስጥ የወሰደው እርምጃ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የጎብኚው ቁጥር 2.4 ሚሊዮን ደርሶ ስለ ነበር ጠባቡ የሸለቆ መንገድ በመኪና ታፍኖ፣ ማቆሚያ ያጣው ሁሉ ሣሩንና ቁጥቋጦውን ይረግጥ ጀመር። ኃላፊዎቹ ሸለቆውን ቆርሰው መንገዱን ማስፋትን አልመረጡም። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎብኚ በሚበዛባቸው ወራት የግል መኪና ከጥቂት በስተቀር ወደ ሸለቆው እንዳይገባ አድርገው፣ በምትኩ የሕዝብ አውቶቡስ አሰማሩ። ከመግቢያው ዋጋ ሌላ ክፍያ የለም። ባለ ሞተርሆሙ ቤቱን በበሩ አጠገብ ባለው የድንኳንና የመኪና ሰፈር ትቶ ይሳፈራል፤ በእግሩ የመጣው ይሳፈራል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውም እንዲሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ ጉብኝት ሲመዘገብ፣ ያ ሁሉ ሰው በየግል መኪናው ወደ ሸለቆው ቢገባ ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር ግልጽ ነው። የጋራ ሀብት ጠባብ ሲሆን እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ አግዝፎ ለመውሰድ ቢሽቀዳደም ለማንም አይበቃም፤ ተካፍለው ሲጠቀሙበት ግን ጠባቡ ሸለቆ ሚሊዮኖችን ያስተናግዳል። በየሰፈሩ የጋራ መንገድ፣ የጋራ የውሃ ቦኖና የጋራ መስክ ያለን ሁላችን ይህን እውነት ከዕለት ኑሯችን እናውቀዋለን። በአውቶቡሱ መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ሠራተኛና ቤቱን በሰፈሩ አቁሞ የመጣው ባለ ሞተርሆም የሚመለከቱት ገደል አንድ ነው፤ መቀመጫቸውም እኩል ነው። እንግዲህ አንድ ፓርክ የሕዝብ ነው የሚባለው በበሩ ላይ በተሰቀለው ጽሑፍ ሳይሆን መኪና ያለውም የሌለውም እኩል ሲደርስበት ነው እንላለን።